ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የበረራውን ሰዓት አሳስታችሁ ስለመጻፋችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የእናቴን ትኬት የገዛሁት ከእናንተ ድረ ገጽ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ደለስ አየር ማረፊያ፣ ደርሶ መልስ። ገጻችሁ ላይ ለመሄጃውም ለመመለሻውም «13 ሰዓት፣ ያለ ማረፊያ» ይላል። መመለሻው ልክ ነው። መሄጃው ግን ከ16 ሰዓት በላይ ፈጅቷል፤ አውሮፕላኑም መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሞልቷል።

ስደውል ሠራተኛችሁ በትሕትና አስረዳችኝ። ሰዓቱን ሲስተሙ ነው የሚያወጣው፤ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ያካፍላል አለችኝ። እውነት ነው፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማውን ለ900 ብታካፍሉት 13 ሰዓት አካባቢ ይመጣል። ግን መንገደኛ የሚጓዘው በካልኩሌተር አይደለም።

ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ሙሉ ሰውና ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ሲመለስ ደግሞ ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ትኬት የሚሸጥ ድርጅት ይህን ሊያውቅ ይገባዋል።

እናቴ የስኳር ሕመም አለባቸው። ምግባቸውንና መድኃኒታቸውን ያዘጋጀነው እናንተ በጻፋችሁት 13 ሰዓት ልክ ነው፤ የቀረው መድኃኒት በጭነት ሻንጣ ሄደ። አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊሞላ ሲያርፍ የደረሱ መስሏቸው ሻንጣቸውን ይዘው ተነሡ። እንግሊዝኛ አይችሉም። አጠገባቸው የተቀመጠች ልጅ ባትነግራቸው ምን ይሆኑ ነበር? እግዜር ይስጣት። የመጨረሻዎቹን ሰዓታት ግን ያለ መድኃኒት ነው የጨረሱት፤ ሲወጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ።

ሌላም አለ። መነሻው በሐበሻ ሰዓት፣ መድረሻው በፈረንጅ ሰዓት ነው የተጻፈው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። በዋሽንግተንና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት መሆኑም የትም አልተጠቀሰም። ወንድሜ ሌሊት ወጥቶ እስከ ጠዋት አየር ማረፊያ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የመሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት ለየብቻ፣ ከአየር መንገዱ ፕሮግራም ወስዳችሁ ጻፉ። ማረፊያ ካለ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሚቆይ ግለጹ። የሰዓቱን አቆጣጠር ለዩ። ለእኔ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያችሁን መልሱልኝ፤ የከፈልኩት ለትክክለኛ መረጃ ነበርና። ገጹ እስኪስተካከል ድረስ ቢያንስ አረጋውያንና ሕመምተኞች ለሚጓዙባቸው ትኬቶች ደውላችሁ እውነተኛውን ሰዓት ንገሩ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከቨርጂኒያ