የአንካራን ምክር ቤት ወንበሮች ቁጠሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ቱርክና ስለ ኩርዶች የምታወጧቸው ዘገባዎች ከሶርያ ድንበር ይጀምራሉ። እኛ ኮምቦልቻዎች ቱርክን የምናውቃት በባቡር ሐዲዱ ሥራ ነው፤ ፖለቲካዋን የምናነበው ከእናንተ ስለሆነ የአገር ቤት ምርጫዋ ሊዘለል አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የሶርያ ኩርዶች ከተማ ኮባኒ በአይኤስ ስትከበብ አንካራ ዳር ቆማ ማየቷ ብዙ ወግ አጥባቂ ኩርዶችን ከገዥው ፓርቲ አሸሸ። በጁን 2015 የኩርዶች ድጋፍ ያለው ኤችዲፒ 13 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ምክር ቤት ለመግባት የሚጠየቀውን የ10 በመቶ ገደብ አለፈ፤ ከ550 ወንበሮች 80 ወሰደ። የኤርዶዋን ፓርቲ ብቻውን መንግሥት መመሥረት ተሳነው። በጁላይ መንግሥት ከኩርዶቹ ታጣቂ ቡድን ፒኬኬ ጋር የጀመረው የሰላም ሂደት ፈረሰ፤ በኖቬምበሩ ድጋሚ ምርጫ ፓርቲው 317 ወንበር ይዞ ተመለሰ። ከዚያም ከብሔርተኛው ኤምኤችፒ ጋር ተጣመረ፤ በ2018 በሶርያ ኩርዶች ይዞታ በአፍሪን ላይ የተከፈተው ዘመቻ ተከተለ።

ዛሬ ስሌቱ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱን በምክር ቤት ብቻ ለማሻሻል ከ600 ድምፅ 400፣ ለሕዝበ ውሳኔ ለማቅረብ ደግሞ 360 ያስፈልጋል። ገዥው ጥምረት 360ም የለውም፤ የኩርዶቹ ዴም ፓርቲ ቢጨመር ግን ያልፈዋል። ፒኬኬ በ2025 መፍረሱን ያወጀበትን ሂደት ይህን ሳይጠቅሱ መዘገብ፣ በእኔ እምነት፣ ግማሹን መተው ነው። በሚቀጥለው ዘገባችሁ ቁጥሩን አስገቡልን።

አንባቢያችሁ፣ ከኮምቦልቻ