የፎቶ ክበብ፦ ዘንድሮ የቬጋስን ሾውገርሎች አነሳን

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው። ላስ ቬጋስን ዓለም ያወቀባቸውን ሾውገርሎች፣ በላባና በሚያብለጨልጭ ድንጋይ አጊጠው መድረክ ላይ ሲራመዱ የኖሩትን ሴቶች፣ ዛሬ ካሉበት ፈልጎ ፎቶ ማንሳት። ሐሳቡ የልጆቹ ነው። ኦክቶበር 9 ቀን 2024 ሌሊት ትሮፒካና ሆቴል በፈንጂ ሲፈርስ ሁሉም በስልካቸው አይተውታል። ቅዳሜ ስንገናኝ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከ1957 ጀምሮ የቆመ ሆቴል ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አቧራ ሆነ። ከዘጠነኛ ክፍል ልጆች አንዷን ግን የከነከናት ሌላ ነገር ነው፦ «እዚያ ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች አሁን የት ናቸው?» የኛ ልጆች እንዲህ ብለው ቢጠይቁ አይገርምም። የአብዛኞቹ ወላጆች እዚሁ ቬጋስ ሆቴልና ካዚኖ ውስጥ ነው የሚሠሩት፣ ያለበለዚያም ታክሲ ላይ።

ካሜራ ከመያዛችን በፊት ትንሽ አነበብን። ትሮፒካና ውስጥ «ፎሊ በርዤር» የተባለው ከፓሪስ የመጣ ትርኢት ከ1959 እስከ 2009፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ድረስ ታይቷል። ስታርደስት ሆቴል ላይ «ሊዶ ደ ፓሪ» ከ1958 እስከ 1991 ቆይቷል። ስታርደስትም በ2007 ፈርሷል። የመጨረሻው ትልቁ «ጁብሊ» ነው። በ1981 ተጀመረ፣ በፌብሩዋሪ 2016 ተዘጋ። ታይታኒክ መርከብ በየምሽቱ መድረክ ላይ የሚሰጥምበት ትርኢት ነበር፤ ልብሱን የነደፉት ቦብ ማኪና ፒት ሜኔፊ ናቸው። የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ላስ ቬጋስ ቤተ መጻሕፍት የድሮ የልብስ ንድፎችንና ፎቶዎችን ኢንተርኔት ላይ ስላወጣቸው ልጆቹ እየተሻሙ ነው ያዩዋቸው።

እነዚህ ትርኢቶች ለምን ጠፉ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ገንዘብ ነው። ድሮ ካዚኖዎቹ ትርኢቱን የሚያሳዩት ሰው ወደ ቁማሩ እንዲገባላቸው ነበር፤ መድረኩ ቢከስርም ጠረጴዛው ይከፍለዋል። በኋላ ግን እያንዳንዱ ትርኢት ራሱን ይቻል ተባለ። ብዙ ዳንሰኛ፣ ብዙ ልብስ ሰፊ፣ ብዙ መድረክ ሠራተኛ ይዞ ራስን መቻል ደግሞ ከባድ ነው። ከ1993 ወዲህ እነ ሰርክ ዱ ሶሌይ የመሳሰሉ የሰርከስ ትርኢቶች ሲመጡ ተመልካቹም ፊቱን አዞረ።

አሁን ወላጆች ወዳነሱት ጉዳይ። አንዳንዶቻችሁ ስብሰባው ላይ ተቃውማችኋል፣ ተገቢም ነበር። ከነዚህ ትርኢቶች በአንዳንዱ ሴቶቹ ደረታቸው ተገልጦ ይወጡ ነበር፤ ይህን ከልጆቹም ከናንተም አልደበቅንም። የክበቡ ደንብ ግን ግልጽ ነው። ባለሙያዎቹን የምናነሳቸው በራሳቸው ልብስ ወይም በተሟላ የመድረክ ልብስ ነው። የትኛው ፎቶ እንደሚቀር የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ክርክሩን የፈታው ግን የኔ ደንብ ሳይሆን የአንድ አባት ንግግር ነው። እንዲህ አሉ፦ «እኔ ታክሲ ስጀምር ከሁለተኛው ትርኢት በኋላ እነሱን ነበር ቤታቸው የማደርሰው። ሜካፑን ሳይጠርጉ፣ በነጠላ ጫማ፣ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ እናቶች ነበሩ። እንደኛው የሌሊት ሠራተኞች ናቸው።» ከዚያ በኋላ የዓመቱ ሥራችን መስመር ያዘ። እኛ የምናነሳው ብልጭልጩን አይደለም፣ ሥራውን ነው።

የአንዷን ቤት ጉብኝት ልንገራችሁ። ሰባዎቹን የተሻገሩ ሴት ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሠፈራቸው ውስጥ ለትንንሽ ልጆች ዳንስ ያስተምራሉ። የአንዷ የክበባችን ተማሪ እናት ድፎ ዳቦ ልካ ስለነበር መጀመሪያ ዳቦ ቆረስን። ከዚያ ከቁም ሣጥን ውስጥ ትርኢቱ ሲዘጋ በሽያጭ የገዙትን የራስ ጌጥ አወጡ። ከውጭ ሲታይ ሰማያዊና ወርቃማ ነው፣ ዓይን ይወጋል። ገልብጠው ሲያሳዩን ግን ሽቦ፣ ስፖንጅ፣ ላብ ያጠቆረው ገበር ነው፤ ገበሩ ላይ በተሰፋች ቁራጭ ጨርቅ ላይ የአራት ሴቶች ስም ተጽፏል፣ ሦስቱ ተሰርዟል። አራተኛው የሳቸው ነው። የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ ያቺን ጨርቅ በቅርብ አነሳት፣ አውራ ጣታቸው ጠርዙ ላይ እንዳረፈ። ለኔ የዓመቱ ፎቶ ይኼ ነው፣ ማንም ቢከራከረኝ አልለውጥም።

ጌጡን ሲያደርጉት ደግሞ ሌላ ነገር ገባን። ከእንዲህ ያለው የራስ ጌጥ ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን አለ። አንገት ትንሽ ካጎነበሰ ክብደቱ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ያ ሁላችንም የምናውቀው ቀና ያለ አገጭ ለኩራት ብቻ አይደለም፣ ላለመውደቅም ነው። ደረጃ ሲወርዱ እግራቸውን አያዩም። ጠርዙን በተረከዝ እየፈለጉ፣ ዓይናቸውን የመጨረሻው ወንበር ላይ ተክለው፣ ፈገግ እንዳሉ ይወርዳሉ። ግቢያቸው ባለችው ሦስት ደረጃ አሳዩን። ሴቶቹ ልጆች ተራ በተራ ሞከሩት፤ አንዷም ሳታጎነብስ አልወረደችም።

ስለ አነሳሱ ለቀጣይ አባላት የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ፍላሽ ከልክያለሁ። ድንጋዮቹ ብርሃኑን መልሰው ይተፉታል፣ ፊት ይጠፋል፣ ነጭ ነጥብ ብቻ ይቀራል። የመስኮት ብርሃን ይበቃል። ላባ ደግሞ ብርሃን ከኋላው ሲመጣበት ነው የሚያምረው፤ ከፊት ከመታኸው ጥጥ ይመስላል። የሰጎን ላባ ማራገቢያቸውን ሲያወዛውዙ የሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ፍጥነት ወደ 1/30 ሰከንድ አወረድነው፣ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አሰርነው። ፊታቸው ጥርት ብሎ ላባው ብቻ እንደ ጭስ ሆኖ ወጣ።

የድሮ ሆቴሎች የመብራት ምልክቶች ወደተሰበሰቡበት ኒዮን ሙዚየምም ሄደናል። ልጆቹ የስታርደስትን ምልክት ፊት ተሰብስበው ነበር፣ እኔ ግን የሙላን ሩዥን እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር። ሙላን ሩዥ በሜይ 1955 ከከተማዋ ምዕራብ ሠፈር የተከፈተ፣ ጥቁርና ነጭ አብረው የሚገቡበት የመጀመሪያው የቬጋስ ሆቴልና ካዚኖ ነው። በዚያ ዘመን ትልልቆቹ ካዚኖዎች በተደረደሩበት ጎዳና፣ በስትሪፑ ሆቴሎች፣ ጥቁር አርቲስት ዘፍኖ፣ አዳራሹን አስነሥቶ፣ ለመተኛት ግን ክፍል አይሰጠውም። የሙላን ሩዥ ጥቁር ዳንሰኞች በጁን 1955 የላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጡ። ሆቴሉ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ግን በማርች 1960 የከተማዋ መሪዎችና የጥቁሮች መብት ተሟጋቾች በስትሪፑ ላይ ያለው የዘር ክልከላ እንዲቀር የተስማሙት በዚያው በተዘጋው ሆቴል ተገናኝተው ነው። ምልክቱን የነደፈችው ቤቲ ዊሊስ ናት፣ «እንኳን ወደ ላስ ቬጋስ በደህና መጡ» የሚለውን ታዋቂ ምልክት የሠራችው ራሷ። አንዱ ልጅ «ታዲያ አባዬ ዛሬ የሚሠራበት ሆቴል ያኔ አያስተኛውም ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ያን ቀን ካነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የመረጠው የዚያን ምልክት ነው።

ፍሪሞንት በሚባለው መንገድ ላይ ላባ ለብሰው ከቱሪስት ጋር ፎቶ የሚነሡትንም አንሥተናል፣ በርግጥ ከፍለን። ፎቶ መነሣት እንጀራቸው ነው፣ ዕቃ አይደሉም። ሰላም ሳንል ያነሳነው ሰው የለም። ከነሱ አንዷ በእረፍቷ ቁጭ ብላ ተረከዟ ላይ ፕላስተር ስትለጥፍ እንድናነሳት ፈቅዳልናለች፤ ፎቶው ከኤግዚቢሽኑ በጣም ከታዩት አንዱ ነበር።

ኤግዚቢሽኑን በሜይ መጨረሻ አዳራሹ ውስጥ አደረግን። እማማዎቹም አባቶችም መጡ፣ የራስ ጌጡ ባለቤትም ከሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር መጡ። ለእያንዳንዳቸው የታተመ ፎቶ ሰጥተናል፤ ይኼ ደንባችን ነው፣ ያነሳነው ሰው ባዶ እጁን አይሄድም።

ለሚመጣው ዓመት ልብስ ሰፊዎቹን፣ ከመድረክ ጀርባ የሚያለብሱትንና መብራት ሠራተኞቹን ማንሳት እንፈልጋለን። ከወላጆች መካከል ትሮፒካና፣ ስታርደስት ወይም ጁብሊ ይታይበት በነበረው ባሊስ ውስጥ የሠራችሁ፣ ወጥ ቤትም ይሁን ክፍል ጽዳት፣ እባካችሁ አናግሩኝ። ሰዎቹን የምታውቋቸው እናንተ ናችሁ። አንድ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያውሰን ካለም ደስ ይለናል፣ ሁለቱ ያሉን ለአስራ ምናምን ልጅ አይደርሱም። ምዝገባው ትምህርት እንደተጀመረ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከእረፍት በኋላ ነው።