ካራቫኖቹ ከነሊብሬያቸው ይሸጡ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ክቡር ሆይ፤

በጋዜጣችሁ የጨረታ ገጾች ላይ የሚወጡትን የአሮጌ ንብረት ሽያጭ ማስታወቂያዎች ለብዙ ዓመታት ስከታተል ኖሬአለሁ። ከተቃጠለ ጄኔሬተር፣ ከአሮጌ ጎማና ከቁርጥራጭ ብረት መካከል አልፎ አልፎ «ተሳቢ የመኖሪያ ካራቫን» የሚል አንድ መስመር ይገኛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚያች መስመር ነው። በመስመሯ ከተጠቀሱት ካራቫኖች መካከል ተከታትዬ መጨረሻቸውን ያየኋቸው በኪሎ ተመዝነው ተሸጠዋል፣ በኦክስጅን ተቆራርጠዋል፣ በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ማቅለጫ ሄደዋል። ይህ መሆን አልነበረበትም ብዬ አምናለሁ። የማምንበትም ምክንያት ከእነዚህ አንዷን ገዝቼ በገዛ እጄ ስለጠገንኳት ነው።

እኔ ዕድሜዬን በመንገድ ቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ፣ አሁን ጡረታ ወጥቼ በሱሉልታ የምኖር ሰው ነኝ። በወጣትነቴ ከአንዱ የሥራ ካምፕ ወደ ሌላው ስዘዋወር ቤቴ ካራቫን ነበረች። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ታቅፋ የመጣችውም ወደዚያች ጠባብ ቤት ነው። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት ከጫንጮ ወዲህ ባለ አንድ የተዘጋ ካምፕ ግቢ ውስጥ 4 ሜትር ከ60 ርዝመት ያላት አሮጌ ካራቫን ለቆራጮች ተመድባ ባየሁ ጊዜ ጥዬአት ማለፍ አልሆነልኝም። በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ገዛኋት። የፋብሪካዋ ስም የተጻፈበት ሳህን ከወደቀ ቆይቷል፤ የሻንሲዋ ቁጥር ግን ዝገቱን ስፍቅ ጥርት ብሎ ተገኝቷል። ወደዚህ ቁጥር በኋላ እመለሳለሁ።

ካራቫን ለአገራችን መንገድ አይሆንም የሚሉ ወዳጆች ብዙ ናቸው። ለእነርሱ አንድ ታሪክ ላስታውስ። የኤርስትሪም ካራቫኖች መሥራች የነበረው አሜሪካዊው ዋሊ ባያም በ1959 እ.ኤ.አ. 41 ካራቫኖችን መርቶ ከኬፕታውን ተነሣ፤ አፍሪካን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦም በ1960 ካይሮ ገባ። ጉዞው በኢትዮጵያ አልፏል፤ ባያምም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝቷል። የዚያን ዘመን መንገድ ምን ይመስል እንደነበር የሙያ ባልደረቦቼ ያውቃሉ። በዚያ ዘመን የተሠሩ የአሉሚኒየም ካራቫኖች እንደገና ታድሰው ዛሬም በአሜሪካ መንገዶች ላይ ይጎተታሉ፤ ከሚያድሷቸውም መካከል እንደ እኔ ያሉ፣ ሙያቸው ያልሆነ ሰዎች አሉ።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው ጠላቱ ዝገት ሳይሆን ውኃ መሆኑን ነው። እኔ ይህን የተረዳሁት አንድ ክረምት ካባከንኩ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት የውጭውን ቆርቆሮ አጥቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ቀለም ቀባኋት፤ ስታበራ አይቼም ተደሰትኩ። ሐምሌ ሲገባ ከአልጋው በላይ ያለው ኮምፔርሳቶ አብጦ ጠቆረ። በጥቅምት ፀሐይ የውስጡን ልባስ ስገነጥል ከመስኮቱ በታች የነበረው የእንጨት ማዕዘን በእጄ ላይ ፈረሰ። ጣቴን ስሰድበት እስከ ሁለተኛው አንጓ ያለ ምንም ተቃውሞ ገባ፤ እንጨቱ ቡናማ ሆኖ እንደ እርጥብ መጋዝ ብናኝ ይታሽ ነበር፤ ሽታውም የቆየ ጎተራ ሽታ ነው። ከዚያው ማዕዘን በላይ ከእኔ በፊት የነበሩ ሰዎች የቀቡትን አራት ዓይነት መድፈኛ እየላጥኩ አወጣሁ፦ ሬንጅ፣ ስቱኮ፣ ከላዩ ሲሊኮን፣ ከሲሊኮኑም ላይ እንደገና ሬንጅ። እያንዳንዱ ሰው ውኃው የታየበትን ቦታ ደፍኖ ሄዷል፤ ውኃው የገባው ግን አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጣሪያውና ግድግዳው ከሚገናኙበት ስፌት ነበር።

እንደ እኔዋ ያሉ ካራቫኖች ግድግዳ ከሦስት ነገሮች የተሠራ ነው። ከውጭ ስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ፣ በመካከል ቀጭን የእንጨት አጥንት፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔርሳቶ አለ። ሦስቱም ለየብቻቸው ደካሞች ናቸው፤ የሚቆሙት ተደጋግፈው ነው። በዚህ ምክንያት አራቱን ግድግዳ በአንድ ጊዜ የሚገፍ ሰው ቤቱ ሲጣመምበት ያያል፤ ከተጣመመ በኋላ በርና መስኮቱን ወደ ልካቸው መመለስ እጅግ አድካሚ ነው። እኔ አንዱን ግድግዳ ከፍቼ፣ አጥንቱን ቀይሬ፣ ዘግቼ ነው ወደሚቀጥለው ያለፍኩት። የበሰበሰውንም እንጨት ወዲያው አልጣልኩትም። የመጀመሪያው አናጢ የሠራው ቅርጽ፣ ከፊት በኩል ያለው ጉብታና የጎማው ቅስት ሳይቀር ልኩ ያለው በእርሱ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ቁርጥራጩን በካርቶን ላይ ዘርግቼ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሬ፣ የጎደለውን ከተቃራኒው ወገን ለክቼ ሞላሁ። ቅየሳ የለመደ እጅ እዚህ ላይ ጠቅሞኛል።

ለአጥንቱ ባሕር ዛፍ ርካሽና ቅርብ ቢሆንም አልመርጠውም፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ክብደትም ይጨምራል። በደንብ የደረቀ የፈረንጅ ጥድ ሞራሌ በልኩ አሰንጥቄ ተጠቀምኩ። ቆርቆሮው ከብረቱ ሻንሲ ጋር በሚነካካበት ቦታ ሁሉ አሉሚኒየሙ እንደ ነጭ ዱቄት ተበልቶ አገኘሁት። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲነካኩ ከሁለቱ አንደኛው ይበላል፤ እዚህ ላይ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጠ የላስቲክ ጥብጣብ አስገባሁ። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፤ ሳይደረግ የቀረበት ካራቫን ግን ከሥሩ ይበሰብሳል።

ስለ መድፈኛው ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት በእጥፍ ገደማ ነው። የሱሉልታ ቀትርና የሱሉልታ ሌሊት ደግሞ የአንድ ቀን ልጆች አይመስሉም። ቆርቆሮው በየቀኑ ሲዘረጋና ሲሰበሰብ ሬንጅ ይሰነጠቃል፤ ሲሊኮን ከጠርዙ ይላቀቃል፣ በደረቀው ሲሊኮን ላይ ደግሞ አዲስ ሲሊኮንም ሆነ ቀለም በወጉ አይይዝም። የሚሻለው ቡቲል የሚባለው ጥቁር ወይም ግራጫ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ጥብጣብ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሳይደርቅ ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። በየሱቁ ጠይቄ ያጣሁትን በመጨረሻ የመኪና መስታወት ከሚገጥሙ ልጆች ዘንድ አገኘሁት። ከስፌቱ ላይ አሮጌውን ሁሉ ፍቆ፣ በናፍጣ ሳይሆን ቅባት በማይተው ነገር ጠርጎ፣ ጥብጣቡን ከቆርቆሮው በታች ዘርግቶ፣ ከዚያም ቆርቆሮውን ከላይ በቪቴ ማጥበቅ ነው። ከላይ መቀባት መፍትሔ አይሆንም።

ግድግዳ በዘጋሁ ቁጥር ፈተና ነበረ። ባለቤቴ በመሰላል ወጥታ ከጣሪያው ላይ በባልዲ ውኃ ቀስ እያለች ታፈሳለች፤ እኔ ከውስጥ የእጅ ባትሪና ጠመኔ ይዤ እቀመጣለሁ። የውስጡ ልባስ ገና ስላልተመለሰ እንጨቱ ይታያል፤ ጠብታ በታየበት ቦታ በጠመኔ አከብባለሁ። የፊተኛውን ግድግዳ ስንፈትን ዐሥራ አንድ ክብ አሰመርኩ፤ ሁለተኛው ቀን አራት፤ ሦስተኛው ቀን አንድ ብቻ። እርሷም ከላይ «ያቺ የመብራቷ ቀዳዳ ናት፣ ሌላውን ተወውና እርሷን እየው» አለችኝ። ትክክል ነበረች፤ ውኃው የሚገባው በጎን መብራቱ ሽቦ ዙሪያ ነበር። ከዚያ በኋላ የውስጡን ኮምፔርሳቶ ከመምታቴ በፊት እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ክፍት ትቼ አደረቅኋት። እርጥብ እንጨት ላይ ልባስ መምታት ብስባሹን ቆልፎ እንደማስቀመጥ ነው።

የቀረው ሥራ ባለሙያ ባለበት ከተማ ከባድ አይደለም። ሻንሲውን ሰፈራችን ያለ በያጅ በሁለት ቦታ አጠነከረው። ለጎማው ኩሽኔታ ሶማሌ ተራ ወረድኩ፤ የካራቫኗን ስም ልነግረው ስሞክር ሻጩ «አባባ፣ ስሙን ይተዉት፤ ቀለበቱ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ ያሳዩኝ» አለኝ፤ ዐሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይዞልኝ መጣ። የመስኮት ጎማና የበር ማጠፊያ ምናለሽ ተራ አገኘሁ። ጎማን በተመለከተ ግን ጥርሱ አላለቀም ተብሎ አሮጌ ጎማ መተው አደገኛ ነው፤ በጎማው ጎን ላይ ካሉት ቁጥሮች መካከል የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚያሳዩ፣ 1209 የሚል ጎማ በ2009 እ.ኤ.አ. በ12ኛው ሳምንት የተሠራ መሆኑን ማንም ማንበብ ይችላል። የዕቃው አቀማመጥም እንዲሁ በዘፈቀደ መሆን የለበትም። ውኃ ማጠራቀሚያውና ማብሰያው ከአክስሉ ብዙ ሳይርቁ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ጥቂት እንዲያደላ ተደርጎ መቀመጥ አለበት፤ በአሜሪካ የተለመደው ምክር ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ነው። ከኋላ የከበደች ካራቫን በቁልቁለት ላይ ጎታቿን መኪና ግራና ቀኝ ትወዘውዛለች። በመጨረሻም የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መተንፈሻ ቀዳዳ ከታች፣ በወለሉ አጠገብ የግድ መኖር አለበት። ብርድ ገባ ብሎ እርሱን በጨርቅ መወተፍ ሕይወት ያስከፍላል።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍኩት ሥራው በአንድ ጡረተኛ አቅም፣ በአገር ውስጥ ዕቃና ባለሙያ የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ነው። ያልተቻለኝ የወረቀቱ ጉዳይ ነው። ካራቫን ተሳቢ ናት፤ ተሳቢ ደግሞ የራሱ ሊብሬና የራሱ ታርጋ ያስፈልገዋል። ሻጩን ድርጅት ሰነድ ብጠይቅ «እኛ የሸጥንልህ ቁርጥራጭ ብረት ነው» አሉኝ፤ የደረሰኙም ቃል ይኸው ነው። ለምዝገባ የሄድኩበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ባለቤትነቱ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለ ፋይል መክፈት እንደማይችል ነገረኝ። ይህን የነገረኝን ሠራተኛ አልወቅሰውም፤ የተሰረቀ ተሽከርካሪ በዚህ በር እንዳይገባ የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ችግሩ ያለው ከጨረታው በፊት ነው።

እንደማውቀው ለመንገድ ፕሮጀክት የሚገቡ እንዲህ ያሉ ንብረቶች ከቀረጥ ነፃ ሊገቡ ይችላሉ፤ ይህ መብት ለሌለው ሰው ሲተላለፉ ደግሞ ቀረጡ መከፈል ይኖርበታል። ሻጮች ይህን ውጣ ውረድ ለመሸሽ ሙሉ አካል ያለውን ተሳቢ ቁርጥራጭ ብለው ሲመዘግቡት ሰነዱ ያኔውኑ ይሞታል፤ ገዢውም ከቆራጭ በስተቀር ሌላ እንዳይሆን ይፈረድበታል። የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ንብረት የሚያስወግዱ መሥሪያ ቤቶችና ተቋራጮች ካራቫንን ከቁርጥራጭ ብረት ለይተው፣ የሻንሲ ቁጥሩን በማስታወቂያው ላይ ጽፈው፣ የሚከፈል ቀረጥ ካለም ገዢው አስቀድሞ እንዲያውቀው አድርገው ያቅርቡ። ሊብሬው የጠፋ ከሆነ መጥፋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጡ። መዝጋቢው መሥሪያ ቤትም የታደሰ ተሳቢ ፍሬኑ፣ መብራቱና መጎተቻው በቴክኒክ ምርመራ ታይቶ የሚመዘገብበትን መንገድ ያመቻች። ጋዜጣችሁም የጨረታ ማስታወቂያ ሲቀበል አስተዋዋቂዎች የሻንሲ ቁጥር እንዲያካትቱ ቢያስታውስ ትልቅ ውለታ ነው።

የእኔዋ ካራቫን አሁን በግቢዬ ቆማለች። ባለፈው ክረምት አንዲት ጠብታ አላስገባችም። እኔና ባለቤቴ በወጣትነታችን ከኖርንባቸው ካምፖች አጠገብ አንድ ሁለት ሌሊት ልናድርባት፣ መጀመሪያም በዚሁ በጎጃም መንገድ እስከ ጎሐ ጽዮን ልንወርድ አስበናል። ከኋላዋ ለታርጋ ማሰሪያ ሁለት ቀዳዳዎች በስቻለሁ፤ ታርጋው እስኪመጣ ድረስ ውኃ እንዳይገባባቸው ለጊዜው በቡቲል ደፍኛቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር

ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ
ሱሉልታ