መብራቱ ከመነቀሉ በፊት ታጣፊው ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመንገድ መጨናነቅ በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ «መብራቱ ተነቅሎ አደባባይ ይሠራ» ይላል፤ ሌላው «አደባባዩ ፈርሶ መብራት ይተከል» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ብዙውን ጊዜ አንድ ቁጥር ይዘው ነው፦ በመገናኛው በሰዓት ስንት መኪና ያልፋል? ችግሩ ለዚህ ውሳኔ ያ ቁጥር ብቻውን ምንም አለመናገሩ ነው።

አደባባይ ላይ ገቢው ለሚዞረው ቅድሚያ ይሰጣል። ስለዚህ የአንድ መግቢያ አቅም የሚወሰነው ከፊቱ በሚዞረው መኪና ብዛት ነው እንጂ በመገናኛው ድምር አይደለም። በአሜሪካ መሐንዲሶች ቀመር ባለ አንድ መስመር መግቢያ ከፊቱ ማንም ካልዞረ በሰዓት እስከ 1,380 መኪና ያስገባል። 500 ሲዞሩበት ወደ 830 ይወርዳል፤ 1,000 ሲዞሩበት 500 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ጣሪያው 1,380 የሆነው ተሰልፈው በሚገቡ ሁለት መኪኖች መካከል 2.6 ሰከንድ ገደማ ስለሚያልፍ ነው። አሽከርካሪው ዘገምተኛ ሆኖ ልዩነቱ 3.2 ሰከንድ ቢሆን ጣሪያው 1,125 ይሆናል። ስለዚህ ቀመሩን እንዳለ ከመቅዳት በፊት፣ እዚያው አካባቢ ባለ ሌላ አደባባይ ላይ ሰልፍ ኖሮ ከፊት የሚዞር ሳይኖር ሰዓት ይዞ 50 ወይም 60 ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ በጥናት ላይ ቶሎ የሚዘለለውም እሱ ነው።

በቁጥር እንየው። በቀኝ በሚነዳበት አገር ያለ ባለ አራት አቅጣጫ መገናኛ እንውሰድ። ጠዋት በተጨናነቀው ሰዓት ከሰሜን 350፣ ከምሥራቅ 640፣ ከደቡብ 460፣ ከምዕራብ 580 መኪና ይመጣበታል፤ ድምሩ 2,030 ነው። ከምሥራቅ በሚገባው ፊት የሚዞሩት ከደቡብ ቀጥታ የሚያልፉት 250፣ ከደቡብ ግራ የሚታጠፉት 90 እና ከምዕራብ ግራ የሚታጠፉት 110 ናቸው፤ 450 መሆናቸው ነው። በዚህ ሁኔታ የምሥራቁ መግቢያ 870 ያህል መቀበል ይችላል። የሚመጣበት 640 ስለሆነ ከአቅሙ 73 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል። ሦስቱ ሌሎች መግቢያዎች በ50 እና በ67 በመቶ መካከል ናቸው። አደባባዩ ጠዋት ይሠራል ማለት ነው።

ማታ ድምሩ ያው 2,030 ይሁን፤ ነገር ግን ከምሥራቅ የሚመጣው 900 ይድረስ፣ ከምዕራብ የሚመጣው 320 ይሁን፣ ከዚህም ግራ ታጣፊው 60 ይሁን። አሁን ከምሥራቁ ፊት የሚዞረው 400 ነው፤ መግቢያው የሚችለው 918፣ የሚመጣበት 900። 98 በመቶ ደረሰ። 85 በመቶ ካለፈ በኋላ ሰልፉ ቀስ እያለ አያድግም፤ ድንገት ይረዝማል። ከ900ው ውስጥ 500ው ግራ የሚታጠፉ ከሆነ ደግሞ በሰሜኑና በምዕራቡ መግቢያ ፊት አልፈው ስለሚዞሩ የሰሜኑ አቅም ከ700 ገደማ ወደ 530 ይወርዳል። አንድም መኪና ሳይጨመር ጠዋት የሠራው አደባባይ ማታ ይወድቃል። የድምር ቁጥር ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው አቅጣጫ በአቅጣጫ፣ ግራ፣ ቀኝና ቀጥታ ተለይቶ የተመዘገበ ቆጠራ ነው።

ቆጠራውም ወጥመድ አለው። በየ15 ደቂቃው፣ በሥራ ቀን፣ ጠዋትም ማታም፣ ከባድ መኪናው እንደ 2 ተቆጥሮ ይያዛል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ቆጣሪው የሚቆምበት ቦታ ነው። መብራቱ ሥር ቆሞ የሚቆጥር ሰው የሚመዘግበው መብራቱ የለቀቀውን እንጂ የመጣውን አይደለም። ከአረንጓዴ በኋላ አሁንም 30 መኪና ተሰልፎ ከቀረ፣ ያ 30 በሠንጠረዡ ላይ የለም። ስለዚህ ሌላ ሰው ወይም ካሜራ የሰልፉን ጭራ በየ15 ደቂቃው መያዝና ልዩነቱን መደመር አለበት። አለበለዚያ ጥናቱ የሚመዝነው የታፈነ ቁጥር ነው፤ አደባባዩም በተመረቀ ማግስት የታፈነው ሁሉ ይወጣበታል።

አደባባዩ የሚወዳደርበት መብራትም በደንብ የተስተካከለ መሆን አለበት። የጊዜ ልኩ ከዓመታት በፊት ተሞልቶ የተረሳን መብራት ከአዲስ አደባባይ ጋር ማወዳደር ሚዛን አይደለም። አራት ምዕራፍ (ማለትም በተራ የሚበሩ አራት አረንጓዴዎች) ያለውና በ100 ሰከንድ አንድ ዙር የሚጨርስ መብራት በእያንዳንዱ ቅያሪ 4 ሰከንድ ያህል ያጠፋል፤ ከ100ው 16ቱ ማንም ሳያልፍባቸው ይሄዳሉ። ምዕራፎቹን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ማውረድ፣ ለግራ ታጣፊው የራሱን መስመር መስጠት፣ የጠዋቱንና የማታውን ሰዓት መለየት በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሥራ ነው። ይህ ተሠርቶ አሁንም ካልበቃ፣ ያኔ ስለ ቁፋሮ እንነጋገር። በጎን ካሉት መብራቶች ጋር ተያይዞ አረንጓዴው እየተከታተለ በሚመጣበት መንገድ ላይ መሃል ያለውን አንዱን አደባባይ ማድረግ ደግሞ መኪናው በጅምላ የሚሄድበትን ቅደም ተከተል ይበትነዋል።

ይህን ስል አደባባይን እየጠላሁ አይደለም። ለእሱ የሚቆመው ትልቁ ምክንያት የሰው ሕይወት ነው። ባለ አንድ መስመር አደባባይ መኪና ከመኪና ሊገናኝ የሚችልባቸውን ነጥቦች ከ32 ወደ 8 ይቀንሳል። ቀይ ጥሶ ከጎን የሚመታ የለም፤ ግራ ሲታጠፍ ከፊት የሚጋጭ የለም። የአሜሪካ ፌደራል አውራ ጎዳና አስተዳደር መብራት ወደ አደባባይ ሲቀየር የሞትና የአካል ጉዳት የሚያስከትሉ ግጭቶች በ78 በመቶ እንደሚቀንሱ ያሰፍራል። በእኩለ ሌሊት ባዶ መንገድ ላይ ቀይ መብራት መጠበቅም ይቀራል፤ መጨናነቁ ከ24 ሰዓት ውስጥ የጥቂቱ ሰዓት ብቻ መሆኑን እያሰቡ መመዘን ተገቢ ነው።

ነገር ግን ይህ ጥቅም የሚገኘው መኪናው በእርግጥ ከቀዘቀዘ ነው። የሚያቀዘቅዘው ደግሞ የመሃሉ ክብ ደሴት ትልቅነት ሳይሆን የመግቢያው መጠምዘዝ ነው። መግቢያው ቀጥ ብሎ ከተሠራ አሽከርካሪው መሪውን ሳያዞር በ60 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ በመሃል ያለው አበባ ምንም አያደርገውም። ንድፉ ላይ መፈተሻው ቀላል ነው፦ መኪና የመስመር ቀለም ችላ ብሎ ሊሄድበት የሚችለውን ቀጥተኛውን መንገድ በእርሳስ መሳልና ፍጥነቱ ባለ አንድ መስመሩ ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንዳይበልጥ ማረጋገጥ። ለዚህ ከ30 እስከ 45 ሜትር የሚሆን የውጭ ዲያሜትር ያስፈልጋል። ቦታው 25 ሜትር ብቻ ከሆነ ረጅም ተሳቢ አይዞርበትም፤ በደሴቱ ዙሪያ ከአስፋልቱ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የኋላ ጎማ የሚወጣበት የድንጋይ ንጣፍ ቢጨመርም እንኳ ገደብ አለው። ንጣፉ ከዚያ ዝቅ ሲል የቤት መኪናው እንደ አቋራጭ ይጠቀምበታል፤ ከፍ ሲል ተሳቢው ይፈራዋል፣ ወይም ጠርዙን ይሰብረዋል።

ለወደፊቱ ይበቃል ተብሎ ከጅምሩ ሁለት መስመር ማድረግ ብዙ የሚሠራ ስህተት ነው። ሁለት መስመር ሲሆን መኪኖች ጎን ለጎን ይዞራሉ፤ ውስጥ ያለው ሲወጣ ውጭ ያለውን ይቆርጠዋል፤ ጥግ ለጥግ መፋተጉ ይበዛል። የተሻለው ቦታውን አስጠብቆ በአንድ መስመር መጀመር ነው።

እግረኛው ማቋረጫውን የሚያገኘው ከመግቢያው አንድ መኪና ያህል፣ ከ6 እስከ 7 ሜትር ወደ ኋላ ነው፤ መሃል ላይ ቢያንስ 1.8 ሜትር ስፋት ያለው መጠለያ ደሴት ይኖረዋል፣ በአንድ ጊዜም አንድ አቅጣጫ ብቻ ያያል። ይህ ጥሩ ነው። ሆኖም የእግረኛው ጅረት በማይቋረጥበት ቦታ፣ ማለትም በገበያና በትልቅ መናኸሪያ በር ላይ፣ ለእግረኛ የቆመው መኪና መውጫውን ይዘጋና ከኋላው ያሉትን ክቡ ውስጥ ያስቀራቸዋል። ለዓይነ ስውሩ ደግሞ የሚዞረውንና የሚወጣውን በድምፅ መለየት ከባድ ነው። እዚህ መብራት የተሻለ ነው ስል አላፍርም።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ግን ከመገናኛው ወጣ ብሎ ያለው ነው። በ150 ሜትር ላይ ሌላ መብራት ወይም የአውቶብስ ፌርማታ አለ እንበል። የተሰለፈ መኪና በአማካይ 7 ሜትር ያህል ይይዛል፤ 22 መኪና ሲሰለፍ ጭራው አደባባዩ ውስጥ ይገባል። በዚያ ቅጽበት ወደዚያ የማይሄደውም ጭምር ይቆማል፤ ሁሉም በአንድ ክብ ነዋ። ብሪታንያ በ1966 ቅድሚያውን ለሚዞረው የሰጠችው ገቢው እየተጋፋ ክቡ ይቆለፍ ስለነበር ነው፤ መውጫው ሲዘጋ ግን ያ ሕግ አያድንም፤ የሚወጣበት የለውማ።

አንዱ መግቢያ ሌላውን የሚያስርብበት፣ ማለትም ከአንዱ የሚመጣው ሳያቋርጥ ስለሚዞር ሌላው መግቢያ ክፍተት የሚያጣበት ቦታ ላይ በአውስትራሊያ የተለመደ መፍትሔ አለ፦ የተራበው ሰልፍ አንድ ልክ ሲደርስ ብቻ በርቶ ዋናውን ጅረት ለአፍታ የሚያቆም መብራት። አዲስ አደባባይ ሲሠራ ወዲያው ባይተከልም፣ የኬብሉ ቱቦ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ይቀበርለት። ቱቦው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ በኋላ አስፋልቱን መቁረጥ ግን ያስከፍላል። ከተከፈተ ከሦስት ወር በኋላም ያው ቆጠራ፣ ያው የሰልፍ ጭራ ምዝገባ ይደገም፤ ውጤቱም ከመጀመሪያው ሠንጠረዥ ጎን ለጎን በጋዜጣችሁ ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትራፊክ መሐንዲስ