የክዋዋርን ጉዳይ ወስኑልን

ለዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት
ዋና ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት
ፓሪስ

ጉዳዩ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ቃል የተገባውን የውሳኔ አሠራር ይመለከታል

ይህን የምጽፈው ፕሉቶ ፕላኔት ናት ወይስ አይደለችም የሚለውን ክርክር እንደገና ለመቀስቀስ አይደለም። ጥያቄዬ ፕራግ ላይ ባሳለፋችሁት በዚያው ውሳኔ ግርጌ ስለሰፈረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ አጠራጣሪ የሰማይ አካላት ድንክ ፕላኔት (ፀሐይን የሚዞር፣ በራሱ ስበት ክብ ቅርጽ የያዘ፣ ግን ከፕላኔቶች ያልተቆጠረ አካል) መሆን አለመሆናቸውን የሚለይ አሠራር ኅብረቱ እንደሚዘረጋ ትናገራለች። አሠራሩ የታለ? ማኬማኬና ሃውሜያ በ2008 ከገቡ ወዲህ በይፋ ከታወቁት አምስት ድንክ ፕላኔቶች ላይ አንድም አልተጨመረም።

ክዋዋርን ተመልከቱ። በ2002 የተገኘ፣ ከኔፕቲዩን ማዶ የሚዞር አካል ነው። በአንድ ሩቅ ኮከብ ፊት ሲያልፍ የኮከቡ ብርሃን ለአጭር ጊዜ ጥፍት ይላል። በተለያየ ቦታ ቴሌስኮፕ የደገኑ ሰዎች፣ አማተሮችም ጭምር፣ ብርሃኑ የጠፋበትንና የተመለሰበትን ቅጽበት መዝግበው ሲያገጣጥሙት የአካሉ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በዚህ መንገድ ዲያሜትሩ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ታውቋል። በማርስና በጁፒተር መካከል የምትዞረው ድንክ ፕላኔት ሴሬስ ዲያሜትሯ 940 ገደማ ነው። ክዋዋር ጨረቃ ስላለው መጠነ ቁሱም ተሰልቷል፤ ቀለበት እንዳለውም በ2023 ይፋ ሆኗል። ታዲያ ሴሬስ ተመዝግባ እሱ የቀረው በምን መስፈርት ነው?

ሃውሜያና ማኬማኬ ድንክ ፕላኔት ተብለው የተቆጠሩት ከተወሰነ የድምቀት ልክ በላይ በመሆናቸው ነው፤ ያውም ስም ለማውጣት ሲባል። ሃውሜያ በ2017 በኮከብ ፊት ስታልፍ ስትለካ ረጅሙ ጎኗ የአጭሩን እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ቅርጿ መስፈርታችሁን ያሟላል ወይ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ትሰረዝ አልልም። ነገር ግን አንዷ በድምቀቷ ብቻ ስትገባ፣ በልክ የታወቀው ውጭ መቅረቱ ፍትሕ አይደለም።

ሁሉም ይግባ ማለቴም አይደለም። ሳላሲያን የመሰሉ አነስ ያሉ አካላት ውስጣቸው በደንብ ያልታመቀ ሊሆንና መስፈርቱን ላያሟሉ እንደሚችሉ የሚከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ሌላዋ የሩቅ አካል ሴድና ደግሞ የታወቀ ጨረቃ ስለሌላት መጠነ ቁሷን ማስላት አልተቻለም። «ገና አልተወሰነም» ተብሎ ምክንያቱ በይፋ ከተጻፈ እሱም መልስ ነው። ለልጆች ሥነ ፈለክ ሳስተምር «ክዋዋርስ?» ብለው ሲጠይቁኝ የምጠቅሰው የእናንተ ቃል የለኝም።

በ2027 ሮም ለሚካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ አሠራሩ ተጽፎ እንዲቀርብ እጠይቃለሁ፤ ማን እንደሚመረምር፣ የትኛው ልኬት በቂ እንደሆነና ውሳኔው በስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ይገለጽ። የመጀመሪያው ፋይልም የክዋዋር ይሁን።

ከሰላምታ ጋር