«ለእያንዳንዷ እናት» ስላላችሁት አምስት ፓውንድ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ አንድሩ ፊሸር ሕይወት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛው ዓይኔን ስላላመንኩት ነው። በስኮትላንድ ክሮስሃውስ ተወልዶ በ10 ዓመቱ ገደማ ከሰል ጉድጓድ የገባው ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ወደ ኩዊንስላንድ ተሰዶና በጊምፒ ወርቅ ሲቆፍር ቆይቶ ሦስት ጊዜ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር መሆኑን በትክክል ጽፋችኋል። ሙግቴ በ1912 መንግሥቱ ስላወጣው የወሊድ ድጎማ «ለእያንዳንዷ እናት አምስት ፓውንድ ሰጠ» ባላችሁት ላይ ነው።

ሕጉ ላላገባች እናት ሳይቀር መክፈሉ ለዘመኑ ድፍረት እንደነበር አልክድም። ነገር ግን እስያውያን ሴቶችን፣ እንዲሁም የአውስትራሊያን፣ የፓፑዋንና የፓስፊክ ደሴቶችን ነባር ተወላጆች ለይቶ አስቀርቷል። በገዛ አያቶቿ ምድር የወለደች ሴት ከእናት አልተቆጠረችም፤ እናንተም «እያንዳንዷ» ስትሉ ከመቶ ዓመት በኋላ ዳግመኛ ፋቃችኋት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «እንደ እኛው ስደተኛ» ማለታችሁ ነው። ስለ ዝምድናው እናመሰግናለን! ፊሸር ከአንዱ የብሪታንያ ግዛት ወደ ሌላው ሲሻገር ከጓዳ ወደ ሳሎን የማለፍ ያህል ነበር። እኔ በእሱ ዘመን ከመርከብ ብወርድ ኖሮ ግን፣ «ነጭ አውስትራሊያ»ን፣ ማለትም ነጭ ያልሆነን ስደተኛ ማገድን፣ መርሑ ያደረገው የፊሸር ሌበር ፓርቲ በደገፈው የ1901 ሕግ መሠረት፣ የወደቡ ሹም ራሱ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃላት እያነበበ «ጻፍ» ሊለኝ፣ ከወደቅኩም እንዳልገባ ሊያግደኝ ይችል ነበር፤ እንግሊዝኛ ብችል ቋንቋውን መለወጥ መብቱ ነበር።

ይህን የምጽፈው በምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ ማዕድን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ከመሬት በታች የሠራሁ፣ ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድም ፈረቃ ላይ የነበርኩ ሰው ነኝ። አምና ስለ አበሻ ማዕድን ሠራተኞች ሁለት ገጽ ብልክላችሁ «አንባቢ አያገኝም» ብላችሁ መልሳችሁልኛል። በ1928 ለንደን ላይ ለሞተው ስኮትላንዳዊ ግን ፎቶግራፍ ጭምር ቦታ ተገኘለት። የእኔ ጽሑፍ ይቅር፤ ቢያንስ ክሮስሃውስን በካርታ ላይ ለማግኘት የደከመው ጸሐፊያችሁ ሕጉንም እስከ መጨረሻው አንቀጽ ቢያነበው ምን ነበረበት?

እርማቱ በሚቀጥለው እትም እንዲወጣ እጠይቃለሁ፤ ከማስታወቂያዎቹ ሥር ሳይሆን «እያንዳንዷ» በሰፈረችበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ፣ ከፐርዝ