የሕፃናቱን የግጥም መጻሕፍት ይመልሱልን

ይድረስ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ

ይህ አራተኛ ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱን በመዝገብ ቤት በኩል አስገብቼ፣ "ሌላ ቀን ነይ" እየተባልኩ ወራት አለፉ። ስለዚህ ይሄኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ጻፍኩት።

የአንደኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ለክትትል የላኩት ባለሙያ ከክፍሌ መደርደሪያ 14 ባለሥዕል የግጥም መጻሕፍት ሰብስበው ወሰዱ። "ይሄ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም፤ ልጆቹም እየሸመደዱ ነው" አሉኝ። መመሪያው አጋዥ መጻሕፍትን እንደሚፈቅድ ያውቃሉ፤ ፈርመው ያወረዱልን እርስዎ ነዎት።

መጻሕፍቱ ሊወሰዱ ሳምንት ሲቀራቸው የሆነውን ልንገርዎ። ፊደል ስንቆጥር አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ ልጅ አለኝ። ከመጻሕፍቱ አንዱን፣ እኔው በካርቶን የሠራሁትን፣ አብረን ገለጥን።

ዝንጀሮ ዛፍ ላይ ወጣ፣
ሙዝ ፈልጎ አጣ፣
ዛፉን ተቆጣ።

የመጨረሻዋን ቃል በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ዝም አልኩ። ሥዕሉን አየ፤ ዝንጀሮው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ግንዱ ላይ አፍጥጧል። "ተቆጣ!" አለ። ጣቴን ሳነሳ "ጣ"ን ነካ፤ ከዚያ ወደ ላይኛው መስመር ሄዶ ሌላዋን ነካ። "ይቺ እኮ ያቺው ናት" አለኝ። በማግሥቱ ሥዕል በሌለበት ሰሌዳ ላይ "መጣ፣ ጠጣ፣ ቀጣ" ብዬ ጻፍኩ። ቀስ እያለ ሦስቱንም አነበበ። አንዳቸውም መጽሐፉ ውስጥ የሉም። ከየት ሸመደዳቸው?

ቤት የሚመታ ግጥም ሥራው ይሄ ነው። መጨረሻው እንዳለ ሆኖ መነሻው ሲለወጥ፣ ልጁ ቃል የሚነጣጠል ድምፅ መሆኑን መጀመሪያ በጆሮው ይይዛል። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎቹ ብራድሊና ብራያንት ገና ማንበብ ያልጀመሩ ከ400 በላይ ሕፃናትን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1983 ውጤቱን አሳትመዋል፤ ቤት የሚመቱ ቃላትን በጆሯቸው የሚለዩት ልጆች ከዓመታት በኋላም በንባብ የተሻሉ ነበሩ። የድምፅ ልምምዱን ከፊደል ጋር አያይዘው የተማሩት ደግሞ ይበልጥ ገፉ። አሜሪካዊው የሕፃናት መጻሕፍት ደራሲ ዶክተር ሱስ እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው የባለ ባርኔጣው ድመት መጽሐፍም አሰልቺ የማንበቢያ መጻሕፍትን እንዲተካ ታስቦ በ236 የተለያዩ ቃላት ብቻ የተገጠመ ነው። ጨዋታ ነው፤ ልጅ ግን አንዱን ገጽ አሥር ጊዜ መላልሶ የሚያነበው ጨዋታ ሲሆን ነው።

ግጥም ብቻውን ይበቃል አላልኩም። ፊደሉን በየቀኑ አስተምራለሁ፤ ልጅ ከሥዕሉ ብቻ ገምቶ እንዳያልፍም ቃሉን ገልጬ ፊደል በፊደል አስነብበዋለሁ። ባለሙያዎ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ያዩት ነበር። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆዩም።

ያ ልጅ አሁን ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ባዶውን መደርደሪያ ነው። "ዝንጀሮው መቼ ይመጣል?" ይለኛል። ሦስት ጊዜ "በቅርብ" ብዬዋለሁ፤ አራተኛ ጊዜ ልዋሸው አልፈልግም። ወይ 14ቱን መጻሕፍት ይመልሱልን፣ ወይ የተወሰዱበትን የመመሪያ አንቀጽ ጠቅሰው በጽሑፍ ይመልሱልኝ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት